ኩሻሪና በያይነቱ፦ ባዕድ ተጽዕኖ በሜልበርን ማዕድ

ስለ ግብፅ ምግብ የሚጽፍ ሰው ኩሻሪን ሳያነሳ አያልፍም። ሩዝ፣ ምስር፣ ማካሮኒና ሽምብራ በአንድ ሳህን ይቀርባሉ፤ በላያቸው የቲማቲም ስልስና ጠቆር እስኪል የተጠበሰ ሽንኩርት ይጨመራል። የሩዙና የምስሩ ጥምረት ከሕንዱ ኪችሪ ጋር ይዛመዳል፤ ከ1882 ወረራ በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገባ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ማካሮኒው የኢጣልያ ነው፤ ቲማቲሙ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው። የካይሮ ሠርቶ አደር ግን የአገሩ ምግብ አድርጎ ይበላዋል።

ከ1956 የስዊዝ ቀውስ በኋላ ግብፅ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ግሪኮች፣ ጣልያኖችና ማልታዎች ወደ ሜልበርን ፈልሰዋል፤ ኮፕቶችም በዚያው ከተማ ቤተ ክርስቲያናቸውን ተክለዋል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ግን የእነርሱ ጎረቤት በሆኑት ኢትዮጵያውያን ማዕድ ላይ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ቅመም ማዕድን አይበርዝም፤ ማዕድ የሚለወጠው አበላሉን የሚገዛው ሥርዓት ሲለየው ነው ብዬ እሞግታለሁ።

በሜልበርን ምዕራብ፣ በፉትስክሬይ ኒኮልሰንና ባርክሊ ጎዳናዎች ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚመሰገኑት በጥንታዊነት ነው። የወጡ ቅላት የሚመጣበት በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ጄምስ ማካን በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1887 በእንጦጦ ማርያም ያደረጉትን ታላቅ ግብር የብሔራዊ ምግብ መሠረት አድርጎ ያነበዋል። ንባቡ አሳማኝ ነው፤ «የእኛ» የምንለው ገበታ በታሪክ ውስጥ የተሰናዳ መሆኑን ያሳያልና።

የእንጀራው ማገዶ የሆነው የባሕር ዛፍ ነገር ከዚህም በላይ ሊጤን ይገባዋል፤ የምግብ ታሪክ ጸሐፍት ተገቢውን ቦታ የሰጡት አይመስለኝም። ነጭ ባሕር ዛፍ በአውስትራሊያ የታዝማኒያና የደቡብ ቪክቶሪያ ተወላጅ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያስቡ ነበር፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግና ተቆርጦም ስለሚያቆጠቁጥ ከተማዋን ከመፈናቀል ካዳኗት አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሸገር እንጀራ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተጋገረው በእርሱ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ያንን ማገዶ ከእንጦጦ ቁልቁል ወገባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ምግባችን ባዕድ ተጽዕኖ ስናወራ የእነርሱ ድካም አብሮ ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ዛሬ በሜልበርን ዛፉ በገዛ ምድሩ ቆሟል፤ እንጀራው ግን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች፤ በስደት ያሉ እናቶችም ያገኙትን ዱቄት፣ ሩዙንም ስንዴውንም፣ እየደባለቁ አቦኩ። በኋላ ጤፉ ራሱ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ሪቬሪና በተባለው አካባቢ መዘራት ጀመረ። የስደቱን እንጀራ «ድብልቅ ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው የአዲስ አበባው በአውስትራሊያ ዛፍ መጋገሩን ያስታውስ።

ተጽዕኖው በየትኛው በር እንደገባ መጠየቅም ያስፈልጋል። ፓስታና ማኪያቶ አዲስ አበባ ላይ ከ1936 እስከ 1941 ከዘለቀው የፋሺስት ወረራ ደም የተለዩ አይደሉም። ወደ ሜልበርን የቡና ማሽኑን ያመጡት ግን ሥራ ፍለጋ የተሰደዱ ጣልያኖች ናቸው። ቶሞካ የተባለው ቡና ቤት በአዲስ አበባ በ1953፣ ፔሌግሪኒ የተባለው ደግሞ በሜልበርን በ1954 ተከፈቱ። የፉትስክሬይ ኢትዮጵያዊ ባለ ካፌ ማኪያቶ ሲቀዳ ሁለቱም ታሪኮች በእጁ ላይ ናቸው፤ አንዱን በሌላው መሸፈን አግባብ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በያይነቱ ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ሽሮው በአንድ ትሪ የሚሰበሰቡት በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ምክንያት ነው። በሜልበርን ግን ዘወትር ይቀርባል፤ የሚፈልገውም በአብዛኛው ሥጋን በጤና ወይም ለእንስሳት በማሰብ የተወ ተመጋቢ ነው። «ቅቤ አለበት?» የሚለው የጿሚ ጥያቄ ዛሬ ከሌላ አፍ ይወጣል። ይህ ደንበኛ ቤቶቹን እንደሚደግፍ አውቃለሁ፤ አክባሪነቱንም አልጠራጠርም። ነገር ግን ከቅመሙ ሁሉ የላቀው ለውጥ ይህ ነው፤ የወጡ ዓይነት ሳይነካ የቀን መቁጠሪያው ወልቆ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ኮፕቶቹ ይጠቅሙናል። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1959 በኮፕቶቹ የእስክንድርያ መንበር ሥር ኖራለች፤ ሁለቱም ወገኖች ዛሬም ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ኮፕቶች በገና ጾም ዓሣ ይበላሉ፤ በእኛ ዘንድ ጉዳዩ አሁንም ያከራክራል። ኩሻሪም ሥጋና ቅቤ ስለሌለው በጾማቸው ይበላል። ሕንድ፣ ኢጣልያና አሜሪካ የተገናኙበት ሳህን በአሮጌው ሥርዓት ሥር ገብቷል ማለት ነው። የፉትስክሬይ ምግብ ቤቶች በምግብ ዝርዝራቸው ላይ በያይነቱን «የጾም» ብለው ቢጽፉ፣ ከጎኑም የዓመቱን አጽዋማት ቢያሰፍሩ፣ ገበያቸው አይቀንስም፤ እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውም ትሪው ለምን ሥጋ እንደሌለው ያነባሉ።