እንቆቆ ይሠራል? መጀመሪያ «ስንት?» እንበል

«እንቆቆ የኮሶ ትልን ጠራርጎ ያወጣል፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ደግሞ ጉዳት የለውም።» ጥሬ ክትፎ በሚወደድበት አገር፣ በአታትም በሉት በወልቂጤ፣ ይህ ምክር እንግዳ አይደለም። እስቲ ምክሩን ለሁለት ከፍለን እንፈትሸው።

የመጀመሪያው ግማሽ መሠረት አለው። የእንቆቆ ፍሬ ኤምቤሊን የተባለ ውህድ አለው፤ ውህዱ ጥገኛ ትሎችን እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አባቶቻችን ዝም ብለው አልገመቱም ማለት ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ኤምቤሊን በውሃ የሚሟሟው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ አንዱ እፍኝ ከሌላው፣ የላመው ካልላመው እኩል መድኃኒት አይሰጥም። አንዱን የሚያሽረው ሌላውን ላያሽረው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሊያሳምመው ይችላል።

«ትሉ ወጣ» የሚለው ምስክርነትም ብዙ አያስተማምንም። የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ቢረዝምም፣ አካሉ ሁሉ የሚበቅለው አንጀት ላይ ከተጣበቀች አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ነው። ረጅሙ ወጥቶ ጭንቅላቷ ከቀረች፣ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ትሉ እንደገና ያድጋል። ሰውየው ግን እስከዚያ «ድኛለሁ» ብሎ ስንቱን መክሯል!

ሁለተኛው ግማሽ፣ «ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» የሚለው፣ ጭራሽ አያስኬድም። ትሉ ስሙን የወሰደበት ኮሶ ራሱ፣ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ በሕክምና ተመዝግቧል። ቻይናዎች ለዚሁ ትል የአሬካ ፍሬን ከዱባ ፍሬ ጋር ይሰጣሉ፤ ይሠራልም። ይሁንና አሬካን ማኘክ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳውቋል። ፈዋሽነትና ጎጂነት አንድ ፍሬ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ታዲያ ባህላዊውን እንጣለው? በፍጹም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንት የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ ወስዳ፣ ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያበላሽ ተረድታ፣ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት ይህ ነው። መጽሐፉን አከበረችው፤ ግን ለካችው። እንቆቆም እንዲህ ያለ ተመራማሪ ይፈልጋል፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ።

እስከዚያው ትል ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፕራዚኳንቴል በሰውነት ክብደት ተሰልቶ፣ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ አንዴ ይሰጣል። ከ3 ወር በኋላም ሰገራ ማስመርመር አይረሳ።