የቧንቧው ምሳሌ ሰብስቴሽን ሲደርስ

ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን ምሳሌ የውሃ ቧንቧ ነው። ቮልቴጅ የውሃው ግፊት ነው፣ ከረንት የሚፈሰው ውሃ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ የቧንቧው መዝጊያ። እኔም ተማሪዎችን ሳስጠና ስንቴ እንደደገምኩት! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሩቅ ያስኬዳሉ። ሦስተኛው ግን መካከለኛ ቮልቴጅ ላይ ስንደርስ አጉል ቦታ ይጥላችኋል።

በእኛ አገር ከሰብስቴሽን ወደየሰፈሩ የሚወጡት መስመሮች በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎቮልት ናቸው። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ይህን ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። መስመሮቹ ሲወጡ የሚያልፉበት፣ ቁም ሣጥን የመሰሉ የብረት ሳጥኖች ረድፍ ስዊችጊር ይባላል። እያንዳንዱ ወጪ መስመር፣ ማለትም ፊደር፣ የራሱ ሳጥን አለው፤ ውስጡ ሰርኪዩት ብሬከር፣ ከረንቱን የሚለካ መሣሪያ፣ እና ችግር ሲያይ «ክፈት!» ብሎ የሚያዝ ሪሌይ አለ።

ምሳሌው ገና ከቃሉ ይሳሳታል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ይፈሳል፤ ሰርኪዩት ሲከፈት ግን ከረንቱ ይቆማል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ቧንቧ ስትዘጉ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ በቃ። ከረንት የሚያልፍባቸውን ሁለት ብረቶች በ15,000 ቮልት ላይ ስታላቅቁ ግን መሃላቸው ያለው አየር ራሱ መንገድ ይሆናል። አርክ ይነሳል፤ ሙቀቱ ከፀሐይ ገጽ ሊበልጥ ይችላል፤ ከረንቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ታዲያ ብሬከሩ እንዴት ያሸንፋል? የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም በየ10 ሚሊሰከንዱ፣ በዜሮ ያልፋል። ቫኩም ብሬከር ውስጥ አየር በሌለበት ክፍል ኮንታክቶቹ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይለያያሉ። አርኩ መሃላቸው በሚተን የብረት ጋዝ ይነዳል። ዜሮው ሲመጣ አርኩ ጉልበት ያጣል፣ ጋዙም በማይክሮሰከንዶች ውስጥ ይበተናል። ክፍተቱ ከሚመለሰው ቮልቴጅ ቀድሞ ካገገመ አለቀ፤ ካልቀደመ አርኩ እንደገና ይነሳል። ሁሉም ነገር ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ቧንቧችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ እሽቅድምድም የታለ?

ምሳሌው የሚደብቀው ሌላም አለ፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄኛው ነው። መዝጊያ ሁሉ አንድ ይመስላል። ስዊችጊር አጠገብ ግን አይሶሌተር የሚባል አለ፤ ሥራው ከረንቱ ከቆመ በኋላ ተከፍቶ፣ ለጥገና የሚገባው ሠራተኛ መስመሩ መለየቱን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። አርክ ማጥፊያ የለውም። «ያው ማጥፊያ አይደል?» ብሎ ጭነት ላይ እያለ የሚስበው ሰው አርኩ ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ለዚህ ነው ብሬከሩ ሳይከፈት አይሶሌተሩን የማያንቀሳቅስ ኢንተርሎክ የሚገጠመው። ቀጥሎ መስመሩ ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚገባው።

ቧንቧ ደግሞ ራሱ አይወስንም። በአንድ ሰፈር ዛፍ ወድቆ ሽቦዎቹን ቢያገናኝ፣ በመቶዎች አምፔር የለመደው መስመር በሺዎች ሊጎርፍበት ይችላል። የዚያ ፊደር ሪሌይ ለይቶ የራሱን ብሬከር ብቻ ካልከፈተ፣ ከላይ ያለው ይከፈትና ሌሎቹም ፊደሮች አብረው ይጨልማሉ። መንገድ ተሻግሮ ያለው ሰፈር በርቶ የእናንተ ብቻ ሲጠፋ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሥራውን ሠርቶ ነው።

ምሳሌውን ጨርሶ ጣሉት አልልም። በሙሉ ኃይል የሚወርድ ቧንቧ ባንዴ ስትዘጉ ግድግዳው ውስጥ «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሲሮጥ የነበረው ውሃ መቆም እምቢ ብሎ ነው። ኤሌክትሪክ ላይም ከረንቱ ዜሮ ሳይደርስ በድንገት ቢቆረጥ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ሞተርና ትራንስፎርመርም ሊጎዳ ይችላል። ለጀማሪ ሳስረዳ አሁን የምነሳው ከዚያ ድምፅ ነው።