ለቁልቁለቱ የተረፈ ጊዜ

ማክስ ቬርትሃይመር በ1934 እ.ኤ.አ. ለወዳጁ ለአልበርት አይንስታይን አንዲት አጭር የሂሳብ ጥያቄ በደብዳቤ ላከለት። ሁለቱም ያኔ ናዚዎችን ሸሽተው አሜሪካ ገብተዋል፤ ቬርትሃይመር የሥነ ልቦና ሊቅ ነበርና የሰው አእምሮ ጥያቄ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚያስብ ማየት ይወድ ነበር። ጥያቄዋ ይህች ናት፦ አንድ አሮጌ መኪና አንድ ማይል ዳገት ወጥቶ አንድ ማይል ቁልቁለት ይወርዳል። አርጅቷልና ዳገቱን በሰዓት ከ15 ማይል በላይ ሊወጣው አይችልም። የጉዞው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል እንዲሆን ቁልቁለቱን በምን ፍጥነት ይውረደው?

ብዙ ሰው ሳያመነታ 45 ይላል። 15 እና 45 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 30 ይመጣላ! የጥያቄዋ ሠሪ እጁ ምን ያህል የሰላ እንደሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 45 መኪና ቁልቁለት ሊወርድበት የሚችል፣ ማንንም የማያስደነግጥ ፍጥነት ነው። የተሳሳተው መልስ 317 ወይም ከዜሮ በታች ቢሆን ኖሮ ማንም ቆም ብሎ ይጠራጠር ነበር። 45 ግን ጥርጣሬን ያስተኛል።

አሁን ወደ አልጀብራው እንምጣ። የማናውቀውን ፍጥነት «ፍ» እንበለው። ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜን ይሰጣል፤ የሁለቱ መንገዶች ጊዜ ተደምሮ ከጠቅላላው ጊዜ ጋር እኩል መሆን አለበት፦

1/15 + 1/ፍ = 2/30

2/30 ሲቃለል 1/15 ነው። በግራም በቀኝም ያው ቁጥር! ሲቀናነስ 1/ፍ = 0 ይቀራል፤ አንድን አካፍሎ ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ደግሞ የለም። በደቂቃ ብናየው፣ ሁለት ማይል በ30 ለመጨረስ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ መኪናው ግን ዳገቱን ብቻ ለመውጣት 4 ደቂቃ ፈጅቷል። ለቁልቁለቱ የተረፈ ጊዜ የለም። አይንስታይንም ይህ የታየው ሲያሰላው እንደሆነ ለወዳጁ ጽፎለታል።

በ45 ቢወርድስ? ጉዞው 5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይወስዳል፤ አማካዩም 22.5 ማይል ብቻ ይሆናል። መኪናው በዝግታ የሄደበት መንገድ ረጅም ጊዜ ስለሚበላ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትታል። ፍጥነቶችን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የ15 አመራረጥ ነው። ዳገቱን በ20 ቢወጣ መልሱ 60 ይሆናል። በ18 ቢወጣ 90፣ በ16 ቢወጣ 240! ዳገት ላይ የሁለት ማይል ልዩነት ቁልቁለቱ ላይ 150 ማይል ሆኖ ይመጣል። 15 ላይ ሲደርስ መልሱ ራሱ ይጠፋል። ጥያቄዋ የቆመችው ልክ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ያችን ቦታ መርጦ፣ ቁጥሮቹንም በቃል የሚሰሉ አድርጎ ማቅረብ የባለሙያ ሥራ ነው። አልጀብራውም ሠሪውን አያሳፍርም፤ መልስ ከሌለ የለም ይላል፣ የሌለበትንም ምክንያት በአንድ መስመር ያሳያል።

ተማሪዎቻችን እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አለው ብለው ስለለመዱ፣ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ብቻ ያሰላሉ። ሂሳብ የምታስተምሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህችን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። መጀመሪያ በ20 ያስሉት፣ ቀጥለው በ16፣ በመጨረሻም በ15፤ መልሱን ግን አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።