ጭብጨባው ያለቦታው

የባህል ቡድን ሙዚቀኛ በሚመርጥበት ቀን አምቦ፣ ጉደር ወይም ጊንጪ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ወጣቱ ዋሽንቱን ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል፣ ጣቶቹ ይርገበገባሉ፣ ዜማው ይፈጥናል፣ ከኋላ ወንበር ፉጨት ይነሳል። ሐረጉ ሲያልቅ የመጨረሻው ድምፅ ከነበረበት ሸርተት ይልና ሽው የሚል አየር ብቻ ይቀራል። ይህን ግን የሚሰማ የለም፤ አዳራሹ ቀድሞ እያጨበጨበ ነው። ዳኞቹም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጣቶቹን አይተዋልና።

ወጣቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሕዝብ ለፍጥነት ካጨበጨበለት ፍጥነት ይለማመዳል። ትንፋሹን ረጅም አድርጎ «ሳይተነፍስ ይህን ያህል ነፋ» ከተባለለት ደግሞ ሆዱ ከጀርባው እስኪጣበቅ ይነፋል።

ስለ አያያዝ፣ ስለ ከንፈር አቀማመጥና አራቱን ቀዳዳዎች በጣት ስለ መድፈን እዚህ አይነሳም። ይህን ያላወቀ ለፈተና ባይመጣ ይሻላል። ስለ ዋሽንቱ እንጨት ግን ሁለት ቃል ይበቃል። ሸምበቆም ይሁን የደጋ ቀርከሃ፣ ቧንቧው ስንጥቅ ከሌለውና ውስጡ ከጠራ ይሠራል። የቆላው ቀርከሃ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። «የኔ ዋሽንት ነው የሚያስቸግረኝ» የሚል ተፈታኝ ስንጥቁን ያሳይ፤ ማሳየት ካልቻለ ችግሩ ዋሽንቱ አይደለም።

አንድ ዋሽንተኛ የሚመዘነው በሐረጉ መጨረሻ ነው። አጀማመር ላይ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው፤ ሳንባው ሞልቷል፣ ልቡ ደፍሯል፣ ድምፁ ይወጣል። ልዩነቱ የሚታየው አየሩ ሲያንስ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን የሚያስረዳ አስተማሪ ጥቂት ነው። ዋሽንት እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ምላስ የለውም። ትንፋሹ የቧንቧውን ጠርዝ መትቶ እየተሰነጠቀ ውስጥ ያለውን አየር ያናውጣል። የድምፁን ከፍታ በዋናነት የሚወስኑት የቧንቧው ርዝመትና የተከፈቱት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሆኖም ትንፋሹ ጠርዙን የሚመታበት ፍጥነትም የራሱ ድርሻ አለው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲበዛ ይወጣል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። ጣቱን ያላንቀሳቀሰ ሰው ዜማው ሲወርድበት «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። ያደረገው ነገር የለም፤ ትንፋሹን መንከባከብ ትቶ ነው።

ሳንባም የራሱ ጠባይ አለው። በጥልቅ ሲሞላ እንደተነፋ ፊኛ ወደ መጠኑ ለመመለስ ራሱ ይገፋል። ስለዚህ በሐረጉ መጀመሪያ የዋሽንተኛው ሥራ መግፋት ሳይሆን መያዝ ነው፤ ጎድኖቹን ከፍቶ አየሩ እንዳይፈስበት ይከለክላል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሳንባው መግፋቱን ይተዋል። ያኔ የሆድ ጡንቻዎች ተረክበው መሥራት አለባቸው። ያልሠለጠነ ሰው ግን ተገላቢጦሽ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ላይ ገፍቶ ይጨርሰዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረቱን ለቆ ዝም ይላል። ትከሻው ወደ ጆሮው ከፍ ብሎ የሚተነፍስ ተፈታኝ ከታየ ዳኛው ዜማውን ሳይሰማ የመጨረሻውን ድምፅ ሊገምት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

የሚያናድደው ግን መሳሳቱ እንደ ጥበብ መወደሱ ነው። ትዝታ ሲነፋ ድምፁ ቢወርድ «እንዴት ያሳዝናል፣ ሆድ ያስብሳል» ይባላል። ወርዶ ያሳዘነው ናፍቆቱ ሳይሆን ያለቀው አየር ነው። በዜማ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚወርድ ድምፅ አለ፣ ይህንንም ማንም አይነቅፍም። ልዩነቱን መለየት ግን አያስቸግርም። ሆን ብሎ የሚያንሸራትት ዋሽንተኛ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይወርዳል፣ የወረደበት ቦታም የቅኝቱ ድምፅ ነው፤ ሲደርስ ይቆማል። ትንፋሽ የጎደለው ግን ድምፁ እየሳሳ፣ የአየር ሽውታ እየጨመረ ይወርድና ከሁለት የቅኝቱ ድምፆች መካከል ቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። አንዱ የሚያወርደው እያወቀ ነው፣ ሌላው ደግሞ ወድቆ ነው።

ዳኛ ይህን ለማረጋገጥ ከፈለገ ቅኝቱን ይጠቀም። ትዝታ ሜጀር በድምፆቹ መካከል ሰፊ ርቀት ስላለው ትንሽ መውረድን ይሸፍናል፤ ተፈታኞች ሁሉ ትዝታ የሚመርጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። አምባሰል ግን አይሸፍንም። ከመነሻው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ድምፅ ላይ የሚያርፍ ሐረግ ትንሽ ከወረደ መነሻው ላይ ሊደርስ ይቃረባል፤ ቅኝቱም ይጠፋል። አንቺሆዬም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ ትዝታ ነፍቶ የጨረሰ ተፈታኝ ወዲያው በአምባሰል አንድ ዝግ ያለ ሐረግ ይነፋ፣ ዳኛውም ጣቶቹን ሳያይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻውን ድምፅ ብቻ ያዳምጥ። ክራር የያዘ ሰው ያንኑ ድምፅ ጎን ለጎን ቢመታለት ጆሮው ለተዘጋ ዳኛ እንኳ ይሰማዋል።

ሌላም ደንብ አለ፦ ማይክሮፎን ይጥፋ። ድምፅ ማጉያው ላይ ኢኮ የተጨመረበት አዳራሽ ውስጥ የሚሞት ድምፅ በራሱ ማሚቶ ተሸፍኖ ያልፋል። እንደዚያ የተመረጠ ወጣት በኋላ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ሲቀመጥ ችግሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ግን ዳኞቹ ቤታቸው ገብተዋል።

በቡድን መጫወት ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ሲያቋቁመው፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመሩት፣ ዋሽንት፣ ክራር፣ ማሲንቆና በገና አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። እረኛው ለብቻው ሜዳ ላይ ሲነፋ ቢወርድ ከብቶቹ አይታዘቡትም። ክራር ሲመታ ግን ያው ክር ያው ድምፅ ነው፤ ዋሽንቱ ሲያዘነብል ክሩ ይመሰክርበታል።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም ስለ ዋሽንት ደጋግመው አስበዋል። «እረኛው ዋሽንተኛ» የሚለው ድርሰታቸው የእረኛውን ዋሽንት መንፈስ ወደ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ያመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪ ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ያንን ሥራ የሚያዳምጠው እንዲቀዳው አይደለም። ዜማው ዝግ ሲል፣ ሲያርፍ፣ ድምፅ እየሳሳ ሳይወርድ እንዴት እንደሚያልቅ እንዲሰማ ነው።

ከዋሽንት ወጣ ያለ ምሳሌም አለ። ጌታቸው መኩሪያ የሽለላንና የፉከራን ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው። ሳክስፎኑ የሚርገበገብ ምላስ ስላለው ጠባዩ ከዋሽንት ይለያል፤ ቢሆንም አዘጋጋቸውን ማጥናት ይጠቅማል። ፎካሪ አፉን ከፍቶ እስኪደክመው አይጮህም፤ ቃሉን ጥርስ ነክሶ ይቆርጠዋል። ጌታቸውም ትንፋሻቸው ገና ሳለ ድምፁን ይቆርጡት ነበር። ወጣቶቹ ከእሳቸው የሚወስዱት ጩኸቱን ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን አቆራረጡ ነበር።

በጉደር በኩል ዋሽንት ይሸጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ይታወሳሉ። ዋሽንቱን፣ በኦሮምኛ ኡሉሌውን፣ ለገዢው ይሰጡና ጀርባቸውን ያዞራሉ። ገዢው ሲነፋ ፊታቸውን ወደ ገበያው አድርገው ያዳምጣሉ፤ ወጣቱ ሐረጉን ጨርሶ ወደ እሳቸው ሲመለከት «ኦቦ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መልሳቸው ረጅሙን ዋሽንት ከእጁ ተቀብለው አጭሩን መስጠት ነበር። ረጅሙ ብዙ አየር ይበላል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው መያዝ የማይችል ልጅ ረጅሙን ይዞ ከተመለሰ መንደሩን ሁሉ ያውካል። ገበያ ላይ ሽያጭን አሳንሶ ጥራትን የመረጠ ነጋዴ ዛሬ ብዙም አይገኝም። አሁን ገዢው ቀለም የተቀባውንና በዶቃ ያጌጠውን ይመርጣል፣ ሻጩም ደስ ይለዋል።

ዓለምም ይህን ችግር ከጥንት ያውቀዋል። የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ የዋሽንት መምህር ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ እ.ኤ.አ. በ1752 ባሳተመው የዋሽንት መጽሐፍ ውስጥ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ አጥብቆ አስተምሯል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞይዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የድምፅ ልምምድ መጽሐፉ ረጅም ድምፆችን ከሁሉ ያስቀድማል፤ ተማሪው አንድን ድምፅ ከጉልህ ወደ ዝግ ሲያወርድ ከፍታው እንዳይነቃነቅ ያደርጋል። ጃፓናዊው ሻኩሃቺም እንደ ዋሽንት ከጫፉ የሚነፋ ነው፤ ነፊዎቹ ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ድምፁ ይወርዳል፣ ቀና ሲሉ ይወጣል። ዋሽንተኛም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ትንፋሹ ሲሳሳ ዋሽንቱን በትንሹ ወደ ውጭ በማዘንበልና የከንፈሩን ቀዳዳ በማጥበብ የመውረዱን ዝንባሌ ማካካስ ይችላል። የጠበበ ቀዳዳ ጥቂቱን አየር በፍጥነት ያስወጣዋል፤ ትንሽ አየር የሚበቃውም በዚህ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ የሚሠራው ልምምድ ረጅም አይደለም፣ ግን አሰልቺ ነው፤ ለዚህም ነው የሚዘለለው። አንድ ድምፅ ይመረጥ። ሳንባው እስከ አፉ አይሞላ፣ ከመጠን በላይ የተሞላ ደረት ይደነድናልና። ድምፁ በእኩል ጉልበት ይያዝ፣ የስልክ ቱነር ወይም የክራር ክር ይጠብቀው፤ የቱነሩ መርፌ ወደ ታች ማዘንበል ሲጀምር ያኔ ሳይሆን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይዘጋ። ይህ ሲለመድ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ከፍታው ሳይለወጥ እንዲያልቅ ይሞከር። ዜማውንም ያጥና፤ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በሐረጎቹ መካከል ቀድሞ ይወስን። «ትንፋሼ ሲያልቅ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ቦታውን ለሳንባው አሳልፎ ሰጥቷል፣ ሳንባ ደግሞ ዜማ አያውቅም።

በአንድ ትንፋሽ ርዝመት የሚኮራ ተፈታኝ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል። ይህ ከባድ ይመስላል፣ ነገር ግን ኩራቱ ያለው ትንፋሹ ላይ እንጂ ዜማው ላይ እንዳልሆነ ራሱ ነግሯል።

የፈተናው ቀን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ብርድ ነው። ከአምቦ ጠዋት ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ከከፍታ ወደ ባሰ ከፍታ ይሄዳል፤ አምቦ ወደ 2,100 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ሊጠናበት ይችላል። ቧንቧውም ከቀዘቀዘ ድምፁ ይወርዳል፤ በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ፣ 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ ዋሽንት የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ዋሽንቱን ጋቢ ወይም ኮት ውስጥ ይዞ መቀመጥና ተራው ሲደርስ ጥቂት ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ዳኛም ይህን ይወቅ፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም እኩል ከወረደ ብርድ ነው፣ መጨረሻው ብቻ ከወረደ ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛው፣ የአምቦ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነው። ለክብርም ቢሆን ከመፈተኑ በፊት የአምቦ ውሃ አይጠጣ። ጋዙ ሆድ ይነፋል፣ ድያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ ግሳትም ያመጣል፤ ግሳት ደግሞ የሚመጣው የመጨረሻው ድምፅ ላይ ነው። ተራ ውሃ ይበቃል፤ ሙሉ ምሳም ይቆይ።

ወደ አዳራሹ የሚገባው ዋሽንት አንድ ብቻ አይሁን። አንዱ ዋሽንት ለአንድ ቅኝት የተበሳ ስለሆነ ዳኛው «አሁን በባቲ» ቢለው ተፈታኙ የሚመዘው ሌላ ዋሽንት ያስፈልገዋል። የአራቱም ቅኝቶች ዋሽንቶች ቢኖሩት ጥሩ ነው፣ ሁለት ቢኖሩት ደግሞ አንዱ አምባሰል ይሁን፤ ሁሉም ግን ከመነፋታቸው በፊት እኩል ሞቀው ይጠብቁ።