ስለ አቃቂ የሚጻፈው ውዳሴና የሰሙ ነገር

በዋሸራም ኾነ በዋድላ፥ በጎንጅም ቢኾን፥ ሰሙ ያልጸና ቅኔ ወርቁ የቱን ያህል ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም፤ ሰም አስቀድሞ በራሱ እውነት ኾኖ መቆም አለበትና። ስለ ትናንሽ ከተሞቻችን፥ ይልቁንም ስለ አቃቂ የሚጻፈውን ውዳሴ በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ጕድለቱ ወዲያው ይገለጣል።

ውዳሴው የሚጀምረው ዘወትር ከወንዙ ነው። ወንዙ ንጹሕ ነው፥ ጥም ይቈርጣል፥ ዮርዳኖስን ይመስላል ይባላል። ነገር ግን ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው፥ የቤቱን እድፍ የፋብሪካውንም ዝቃጭ ተሸክመው ወርደው በአባ ሳሙኤል የሚገናኙ ናቸው፤ በድልድዩ ያለፈ ሰው በዓይኑ ባያይ በአፍንጫው ያውቀዋል። በዮርዳኖስ መመሰሉ ምሥጢሩ መልካም ነበረ፤ ሰሙ ግን ጠቍሯል። በዚያው ውኃ ጐመንና ሰላጣ ለምቶ ወደ ገበያ ይወጣል። እንግዲህ ውኃውን ንጹሕ ብሎ ያወደሰ ገጣሚ በማእዳችን የቀረበውን ነገር ሸፈነብን፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝም ባለ ግጥምን ለይቶ አይምርም።

ከወንዙ ቀጥሎ የከተማው ክብር ይቈጠራል። ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ አስቀድሞ በአቃቂ ማለፉ፥ የአቃቂ ራዲዮ በ1928 ዓ.ም. በጦርነቱ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ለዓለም ማሰማቱ፥ የአባ ሳሙኤል ውኃ ለዋና ከተማው መብራት መስጠቱ ይነገራል፤ ኹሉም እውነት ነው። ዳሩ ግን ግድቡ በደለል ተሞልቶ ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ እንደ ነበረ፥ እምቦጭም እንደ ወረሰው በውዳሴው ውስጥ አይገኝም።

ሰውም አይገኝበትም። በመረሬው መሬት ጤፍና ሽምብራ የሚዘራው የኦሮሞ ገበሬ፥ ማታ ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ፥ በእድሩ ድንኳን ተክሎ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ጎረቤት፥ በሰንበቴ ተራው ደርሶ ዳቦና ጠላ ይዞ የሚመጣው ምእመን ወዴት ሄዱ? ሐዲድና ግድብ ብቻውን ከተማ አይባልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ለመጻፍ ባሕር ተሻግረዋል፤ አቃቂን ለማየት ግን አንድ ማለዳ በእግር መሄድ ይበቃል። ይህም ድካም ኾኖ ነው መሰለኝ፥ ጸሐፊው በቤቱ ተቀምጦ ዮርዳኖስን ይጠራል።

እውነተኛ ሰም ለሚፈልግ ግን አቃቂ ድኻ አይደለም። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም እንደ ዓባይ ባሕር አይደርስም፥ በአፋር ምድር ይቀራል እንጂ። ስለዚህ ከከተማው የወጣው እድፍ ከሀገር አይወጣም። ይህን ሰም ይዞ መወድስ የሚቀኝ ደቀ መዝሙር ቢገኝ፥ ለመስማት ደጅ እጠናለሁ።