ስለ ካስታንዮዞ መጽሐፍና እዚህ ስለ ቀሩት ፖርቱጋሎች

በፎገራ ሜዳ ዙሪያም ሆነ በጎንደር አገር አንድ የቆየ የድንጋይ ሥራ በታየ ቍጥር «ይህ የፖርቱጋል ሥራ ነው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገርለትን፣ በእንፍራዝ ኮረብታ ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ እንኳ ለእነርሱ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይማ መጠሪያው ራሱ የፖርቱጋል ድልድይ ነው። ነገር ግን ግንቡንና ድልድዩን የሚሰጣቸውን ሰው «እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? እንዴትስ ኖሩ?» ብለው ቢጠይቁት የሚመልሰው ጥቂት ነው። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ታሪካቸውን የጻፉትም መጻሕፍት ተካፋይ ናቸው።

ከእነዚህ ዋነኛው በ1564 በሊዝቦን የታተመው የሚጌል ደ ካስታንዮዞ መጽሐፍ ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ካስታንዮዞ በ1541 ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር ከምጽዋ ከዘመቱት 400 ወታደሮች አንዱ ነበር። መጽሐፉ ዓይኑ ያየውን የሚናገር ሰው መጽሐፍ ነው፤ መድፉ ገደል ለገደል ሲጎተት፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከአምባቸው ወርደው ከእንግዶቹ ጋር ሲጓዙ፣ በ1542 ወፍላ ላይ ጦሩ ሲፈታና አለቃው ተይዞ ሲገደል አንባቢ እዚያው የቆመ ያህል ይሰማዋል። ሽንፈትን የማይደብቅ ጸሐፊ ክብር ይገባዋል። ከእርሱ በኋላ በ1565 የወጣው የቤርሙዴዝ መጽሐፍ ግን፣ ጸሐፊው ራሱን ጳጳስ እያለ ከፍ ከፍ ለማድረግ የደከመበት ስለሆነ፣ በብዙ ጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል።

በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ሲወድቁ፣ ካስታንዮዞ ጥይቱን የተኰሰው ፖርቱጋላዊ ነው ይላል። በግእዝ የተጻፈው የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ግን ገዳዩን ከንጉሡ አገልጋዮች አንዱ ያደርገዋል። ሁለቱም በወገናቸው ይፈርዳሉ። ለእኔ ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚደንቀኝ፣ ድሉ ከተነገረ በኋላ የሁለቱም ብዕር እነዚያን ወታደሮች መተዉ ነው። የእኛው ጸሐፊ በቋንቋ ውበት ካስታንዮዞን እጅግ ይበልጠዋል፤ ዓላማው ግን የንጉሡ ክብር ስለሆነ የወታደሩን ጎጆ ገብቶ አያይም። ካስታንዮዞ ደግሞ ቆስሎ ስለ ነበር በ1544 ከምጽዋ ተነሥቶ አገሩ ገባ፤ መጽሐፉም ከእርሱ ጋር መርከብ ተሳፈረ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ከ1776 እስከ 1783 የአሜሪካን ሰፋሪዎች ለመውጋት ወደ 30 ሺሕ የሚጠጉ የጀርመን ወታደሮችን፣ ይልቁንም ከሔሰን ካሰል፣ ከመሳፍንቶቻቸው በገንዘብ ተከራይቶ ነበር። ወደ 5 ሺሕ የሚሆኑት እዚያው ቀርተው ገበሬና የእጅ ሠራተኛ ሆኑ። ስለ ዘመቻው ከሚጠቀሱት ጸሐፊዎች ሁለቱ፣ ዮሐን ኤቫልድና በግድ ተይዞ የተላከው ዮሐን ጎትፍሪድ ዞይመ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። ፖርቱጋሎቹ እንደ ጀርመኖቹ የተሸጡ ቅጥረኞች አልነበሩም፤ ገዢያቸው የላካቸው ናቸው። ሆኖም ከቀሩ በኋላ በንጉሡ ሥር ያደሩ የጠመንጃ ጦረኞች ሆኑ፤ መሬት ያዙ፣ የአገሪቱን ሴቶች አገቡ፣ ልጆች ወለዱ። በዚህ ረገድ ዕድላቸው አንድ ነው።

የእነዚህን ልጆች ወሬ የምናገኘው ኋላ ከመጡት ኢየሱሳውያን ነው። በ1603 የመጣው ጴድሮ ፓኤዝና ማኑኤል ደ አልሜዳ ብዙ ነገር አቆይተውልናል። ነገር ግን እረኛ መንጋውን እንደሚቈጥር ይቈጥሯቸዋል፤ ማን በሮም ሃይማኖት እንደ ጸና ይጽፋሉ እንጂ እናቲቱ ልጅዋን በምን ቋንቋ እንዳባበለች አይጽፉም። እናቶቹ በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ ስም የላቸውም። እኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው እላለሁ፤ የባዕድ ልጅ አገሬ ሰው የሚሆነው በእናቱ ቤት ነውና።

ፍጻሜውም ቀላል አልነበረም። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ፣ በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1669 የፖርቱጋሎቹ ዘሮች ወደ ተዋሕዶ ሃይማኖት እንዲገቡ ወይም በስናር በኩል አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከወይና ደጋ ጦርነት እስከዚህ ትእዛዝ 126 ዓመት ነው። ከተሰደዱት መካከል ፖርቱጋልን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ሊኖር አይችልም፤ የቀሩትም ስማቸው ከጎረቤታቸው ስም ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ።

ስለ ግንብ መከራከር የሚበቃን ይመስለኛል። አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ይልቁንም ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን እንዴት እንደሚያጥለቀልቁት የሚያውቅ፣ የወንዛዬን ፍል ውኃ የቀመሰ የፎገራ ልጅ፣ ያቺን ስም የለሽ እናት ቢጽፍልን ካስታንዮዞ የተወውን ምዕራፍ በጀመረልን ነበር። ለመነሻ የዐፄ ገላውዴዎስንና የዐፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል፣ ቀጥሎም አልሜዳን ያንብብ፤ ቤርሙዴዝን መጨረሻ ላይ ቢያደርገው ይሻላል።