በኢብን ጁድዓን ቤት፦ «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» እና የሥነ ምግባር ምንጭ

በአዲስ ከተማ፣ ከታላቁ አንዋር መስጂድ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በምናስተምርበት ደርስ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ደረሳ ያነሣው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖናል። ደረሳው ቀን ቀን እህል በረንዳ ከአባቱ ጋር ይሠራል። መስጂድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ፣ በሃይማኖት እንደማያምን በግልጽ የሚናገር አንድ ጅምላ ሻጭ፣ አባቱ በስሕተት አብልጦ የከፈለውን ገንዘብ በማግስቱ ሱቃቸው ድረስ አምጥቶ መለሰ። በአንጻሩ ከፊተኛው ሶፍ የማይጠፋው ጎረቤታቸው በሚዛኑ ይታማል። ደረሳው «ያ ሰው ይህን ምግባር ከየት አመጣው?» ሲል ጠየቀን። እኛም ፈጥነን «ካመኑት ወላጆቹ የተረፈው ነው» አልነው። ደረሳው ዝም አለ፤ ዝምታው ግን የመርካት ዝምታ አልነበረም።

ያ መልስ በሚንበሮቻችን ላይ «ኢማን የሌለው ምግባር የለውም» እየተባለ ከሚነገረው አጭር አባባል የተቀዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ አባባሉ በራሳችን የዒልም ቅርስ ዘንድ መሠረት እንዳለው እንመረምራለን። ለምርመራችንም በአገራችን ይህንኑ ጥያቄ በስፋት ያነሣውን ጽሑፍ፣ «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ»ን፣ ተሟጋች አድርገን እንወስዳለን።

ሐተታው በግእዝ የተጻፈ ነው። በራሱ ትረካ መሠረት ጸሐፊው በአክሱም አቅራቢያ ተወልዶ፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ተከስሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ከኖረ በኋላ በእንፍራዝ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1667 ሐሳቡን ጻፈ። ስለ ጸሐፊው ማንነት የምሁራን ክርክር አለ። ጽሑፉ ለአንትዋን ዳባዲ የተላከው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ በነበረው ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒም እ.ኤ.አ. በ1920 የጽሑፉ ደራሲ ይኸው ሚሲዮናዊ ራሱ ነው አለ። ክላውድ ሰምነር የመጽሐፉን ኢትዮጵያዊነት ደግፈው ብዙ ጽፈዋል። በእኛ ዘመንም አናይስ ዊዮን በጥርጣሬው ጸንታ ስትከራከር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ካዘጋጁት አንዷ የሆነችው ዌንዲ ቤልቸር በኢትዮጵያዊነቱ ወገን ቆማለች። በሐዲስ ሰዎች ቋንቋ ብንናገር፣ የሰነዱ ክርክር ገና አልተቋጨም። መትኑ ግን በማንም ብዕር ይጻፍ፣ የሚያነሣው ጥያቄ መልስ የሚሻ ነውና ወደ መትኑ እንለፍ።

የሐተታው ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የልቡናን ብርሃን ሰጥቷል፤ ሰው በዚህ ብርሃን ሲመረምር መልካሙን ከክፉው ይለያል፤ ከፍጥረት ሥርዓት ጋር የሚጋጭ ሕግ ደግሞ፣ የማንም መጽሐፍ ቢያዝዘው፣ ከፈጣሪ አይደለም። በዚህ መስፈርት ጸሐፊው የኦሪትን ሕግጋት፣ የመነኮሳትን ድንግልና እና የክርስቲያኖችን ጾም ይተቻል። በእኛም ላይ ሁለት ነቀፋዎችን ያነሣል። የመጀመሪያው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚመለከት ሲሆን፣ ወንድና ሴት በእኩል ቁጥር ስለሚወለዱ ይህ የፍጥረትን ሥርዓት ያፈርሳል ይላል። ሁለተኛው ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥን የሚመለከት ነው።

ሐተታውን ለማውገዝ ከመቸኮላችን በፊት ይህ ክርክር በቤታችን ውስጥ ሲካሄድ እንደኖረ ማስታወስ ይገባል። ዑለማዎቻችን አል-ሑስን ወል-ቁብሕ፣ ማለትም የሥራዎች መልካምነትና መጥፎነት፣ በሚለው ርእስ ሥር በሰፊው ተወያይተውበታል። ሙዕተዚላዎች፣ በተለይም በ415 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ቃዲ ዐብዱልጀባር፣ የግፍንና የውሸትን መጥፎነት አእምሮ ያለ ወሕይ ያውቀዋል አሉ። አሽዐሪያዎች፣ ምንዳና ቅጣት የሚያስከትል መልካምና መጥፎ የሚጸናው በሸሪዓ ትእዛዝ ብቻ ነው ሲሉ መለሱ። ከማቱሪዲያ ብዙዎቹ መካከለኛውን መንገድ ይዘው፣ አእምሮ የብዙ ሥራዎችን መልካምነትና መጥፎነት ሊገነዘብ ይችላል፤ ዝርዝር ግዴታውን የሚደነግገው ግን ወሕይ ነው አሉ። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ «አእምሮ ያውቃል» ያለ ሁሉ ከእስልምና ታሪክ ውጭ የቆመ አይደለም።

ከእነዚህ ክርክሮች ለደረሳችን ጥያቄ እጅግ የሚቀርበው ኢማም አል-ገዛሊ በ«አል-ሙስተስፋ» ያነሡት ነው። ተከራካሪው፣ ሃይማኖት የሌለው ንጉሥ ለመሞት የተቃረበ ደካማ ሰው ቢያይ፣ ምንዳም ሆነ ምስጋና ሳይጠብቅ ሊያድነው አያዘነብልምን? ብሎ ይሞግታል። አል-ገዛሊ ዝንባሌውን አይክዱም፤ ምንጩን ይመረምራሉ። ሰው በመሰሉ ሰው ጭንቀት ውስጥ ራሱን እያየ ይራራል። ማንም በማያየው ስፍራ እንኳ ቢሆን፣ ምግባሩ ሁልጊዜ ከምስጋና ጋር ተቆራኝቶ ስለሚታሰበው ልቡ ወደዚያው ይሳባል፤ እባብ የነደፈው ሰው ዝንጉርጉር ገመድ ሲያይ እንደሚደነግጠው ነው። ይህ ጥልቅ የነፍስ ምርመራ ነው። ሆኖም ልብ ልንለው የሚገባው፣ መልሱ ዝንባሌው እንዴት እንደሚነሣ እንጂ መልካሙ ሥራ እንዳልተሠራ አለማስረዳቱ ነው። ርኅራኄው በተፈጥሮ የተተከለ ከሆነም፣ የተከለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ፊጥራ ይመልሰናል። በሱረቱ አሽ-ሸምስ አላህ (ሱ.ወ.) ነፍስን አስተካክሎ ከፈጠረ በኋላ አመፅዋንም ጥንቃቄዋንም እንዳሳወቃት ተነግሯል፤ ቃሉም ነፍስን ሁሉ እንጂ የአማኝን ነፍስ ብቻ አላለም።

ከንድፈ ሐሳቡ ወደ ሲራ ብንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከየመን ነገድ ከዘቢድ የመጣ ነጋዴ መካ ላይ ሸቀጡን ለዓስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። የሚሰማው ሲያጣ በአቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። በዚህ ምክንያት የቁረይሽ ታላላቆች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የአገር ልጅም ይሁን እንግዳ ሐቁ እስኪመለስለት ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ሒልፉል ፉዱል ነው። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ገና በ20 ዓመት ገደማ ሳሉ ተገኝተውበታል፤ ከነቢይነታቸው በኋላም በእስልምና ዘመን ለመሰል ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ወሕይ ባልወረደበት ከተማ፣ ጣዖት በሚያመልኩ ሰዎች አነሳሽነት፣ በገበያ ግፍ ምክንያት የቆመ ፍትሕ በነቢዩ አንደበት ተመሰገነ ማለት ነው።

ሌሎችም ምስክሮች አሉ። በሂጅራ ጉዞ መንገድ መሪ ሆኖ የተቀጠረው ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ ነበር፤ ነፍሳቸውንና ግመሎቻቸውን ግን በአደራ ሰጡት፤ እሱም አደራውን ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ በተላኩ ጊዜም፣ ነጃሺ በእሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ተብሎ የተመሰከረለት ገና ሰለመ ሳይባል ነው። ይህ ምስክርነት በየዓመቱ በኩራት የምናነሣው ነው፤ ሆኖም ለዛሬው ጥያቄ ያለውን ፍርድ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም።

ስለ ኢብን ጁድዓን ግን ሌላም ሐዲስ አለ። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ይህ ሰው ዝምድናን ይቀጥል፣ ድኻን ያበላ ስለነበር ይጠቅመው እንደሆነ ነቢዩን ጠየቁ። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ በፍርድ ቀን ኃጢአቱን እንዲምረው ጌታውን አልለመነምና አይጠቅመውም አሉ፤ ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በአንጻሩ ሐኪም ኢብን ሒዛም በጃሂሊያ ዘመን ስላደረገው ምጽዋትና ባሪያ ነፃ ማውጣት በጠየቀ ጊዜ፣ ከቀድሞ መልካም ሥራው ጋር እንደሰለመ ተነግሮታል። እነዚህን ዘገባዎች አጣምረን ስናነባቸው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በኢብን ጁድዓን ቤት የተሠራው ፍትሕ መልካም ነው፤ መልካምነቱም በባለቤቱ አለማመን አልተሻረም። የተጓደለው ሥራው በአላህ ዘንድ የሚያገኘው ተቀባይነት ነው። ስለዚህ «ምግባር ከየት ይመጣል?» የሚለው ነጠላ መስሎ የሚታይ ጥያቄ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል፦ መልካሙ በምን ይታወቃል? ሰውን የሚያስገድደው ምንድን ነው? መጨረሻውስ ወዴት ነው? የሚንበራችን አባባል ስሕተት ሦስተኛውን መልስ ለመጀመሪያው ጥያቄ መስጠቱ ነው።

በዚሁ መስፈርት የሐተታውም ድካም ይገለጣል። አንደኛ፣ ጸሐፊው በዋሻ ውስጥ በልቡናው ብቻ እንደተመራመረ ቢነግረንም ወደ ዋሻው የገባው መዝሙረ ዳዊትን ይዞ ነው። ከልጅነቱ የተማረው መጽሐፍ በጸሎቱም በሐሳቡም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሐተታው ወሕይ ያልነካው አእምሮ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ንጹሕ ፈተና ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ሕግን ከፍጥረት ቁጥር የሚያወጣበት መንገድ ደካማ ነው። ወንዶች በጦርነት ባለቁበት አገር ቁጥሩ ቢዛባ ፍርዱም ይለወጣልን? ካልተለወጠ፣ ግዴታው ከቁጥሩ የመጣ አልነበረም። ሦስተኛ፣ በዋሻ ያለ ብቸኛ ሰው የሚገዛውም የሚሸጥለትም የለም። አእምሮ ክፉኛ የሚፈተነው ግን ጥቅም ባለበት ነው። ነጋዴ እርጥቡን እህል ከደረቁ ሥር ሲያደርግ አእምሮው ዝም አይልም፤ «ሁሉም ያደርገዋል»፣ «ገዢውም ያውቃል» እያለ ይከራከርለታል።

ጸሐፊው ራሱ ይህን ጉድለት የተረዳ ይመስላል። ፍትሕ በዚህ ዓለም እንደማይፈጸም አይቶ ከሞት በኋላ ፍርድ መኖር አለበት ይላልና። የልቡና ጠበቃ የሆነው መጽሐፍ መንገዱን የሚጨርሰው ወደ አኺራ በመጠቆም ነው። ስለሆነም ሐተታውን ከሃይማኖት የተፋታ ሥነ ምግባር ምስክር አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች ከጽሑፉ በላይ እየተናገሩ ነው።

ስለ ባርነት የተሰነዘረው ነቀፋ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሸሪዓ ባሪያ ነፃ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ አድርጓል፤ ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑም በቡኻሪ ተዘግቧል። እንዲህም ሆኖ ይህን ሐዲስ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ልጆች፣ ተሰርቀውና ተማርከው የመጡ ነፃ ሰዎችን ከአገር ውስጥ እስከ ቀይ ባሕር ወደቦች ነድተዋል። ባሪያ ፈንጋዩና ባለ ባሪያው ከእኛ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የሌላው ጥፋት የእኛን አያነጻም። ባርነት በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሐተታው በልቡና አየሁት ያለውን፣ መጽሐፉ በእጃቸው የነበረ ብዙዎች አላዩትም። ወሕይ በእጅ መኖሩ ብቻውን ልብን እንደማያቀና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ ለመምህራንና ለኢማሞች ምን ይተርፋል? መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን አሁን ባለበት ስፍራ ከተቋቋመ ወዲህ፣ አንዋር መስጂድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በሚታዩበት በዚህ ገበያ፣ ዱቤ በቃል ይሰጣል፤ እቁብ በዋስ ይበላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱ በሌላው አደራ ያድራል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 75ኛው አያ ከመጽሐፉ ሰዎች ብዙ ወርቅ ቢያምኑት የሚመልስ፣ አንዲት ዲናር ቢያምኑት ደግሞ የማይመልስ እንዳለ ተገልጿል። ቁርኣን በዚህ ያህል ሚዛን የለየውን እኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልንጠቀልለው አይገባም። ደረሳው በገበያ በዓይኑ የሚያየውን በደርስ የሚያስክድ መምህር፣ ውሎ አድሮ ደርሱን ራሱን ያስጠረጥራል።

ኢማን የሚጨምረውን ግን በሙሉ ድምፅ ማስተማር ይገባል። እናቷ ወተቱን በውሃ እንድትበርዝ ብታዝዛት፣ ዑመር ባያዩ የዑመር ጌታ ያያል ያለችው ልጅ ታሪክ የሚነግረን ይህንኑ ነው። መበረዝ ማታለል መሆኑን እናቷም ታውቅ ነበር፤ በጨለማ የሚያስገድድ ነገር ግን በልጅቷ ልብ ውስጥ ነበረ። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህሉ ክምር ሰድደው ሥሩን እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ የገሠጹት ሻጭም የሚያምን ሰው ነበር። ሱረቱል ሙጦፊፊን በሚዛን የሚያጎድሉትን ስታስጠነቅቅ ወዲያው የምትጠይቀው ከሞት መነሣታቸውን አያስቡምን? ብላ ነው። ነቀፋው መጀመሪያ የሚደርሰው የፍርድ ቀንን እያወቀ ለሚሰፍር ነው።

ወደ ደረሳችን ተመልሰን ፊተኛውን መልሳችንን አንሥተናል። ያ ሰው ምግባሩን ያመጣው አላህ ሰውን ሁሉ ከፈጠረበት ፊጥራ ነው፤ መልካም ሥራውን መልካም እንላለን፤ ጌታውን እንዲያውቅም ዱዓ እናደርግለታለን። ስለ ጎረቤቱ ደግሞ፣ የሚታማበት እውነት ከሆነ፣ ጥያቄው ከየት አመጣው ሳይሆን የያዘውን የት ጣለው የሚል ነው። ደረሳው በዚህ ጊዜም ዝም አለ፤ ቀጥሎም የአባቱን ሚዛን ማን እንደሚመረምር ጠየቀን። በሚቀጥለው ደርስ ሱረቱል ሙጦፊፊንን ከዚያው ጥያቄ ጀመርን።